ባሕሩ ሲሸሽ ያየኋት ዛንዚባር

በመጀመሪያው ቀን ጠዋት መጋረጃውን ስገልጥ ባሕሩ የለም።

ማታ ስንደርስ ጨለማ ስለነበር ድምፁን ብቻ ነው የሰማሁት። ሌሊቱን ሙሉ ሲያጉረመርም አደረ። ሲነጋ አየዋለሁ ብዬ ስልኬን ቻርጅ ላይ ሰክቼ፣ አላርም ሞልቼ ተኛሁ። ሲነጋ ግን ከበረንዳው ፊት ለፊት ያለው እርጥብ አሸዋ፣ ጎናቸው ላይ ጋደም ያሉ የእንጨት ጀልባዎች፣ ከዚያ በጣም ርቆ ደግሞ አንድ ቀጭን ሰማያዊ መስመር ብቻ ነበር። ጓደኛዬን ቀስቅሼ «ባሕሩ ሄዷል» አልኳት። «የት?» አለችኝ ዓይኗን ሳትገልጥ።

ምን ላድርግ፣ እኔ ሐይቅ እያየሁ ያደግሁ ሰው ነኝ። ጫሞ ቦታውን ለቆ ሄዶ አያውቅም። በዛንዚባር ምሥራቃዊ ዳርቻ ግን ባሕሩ በቀን ሁለቴ ይሸሻል፣ ሁለቴ ይመለሳል። ጨረቃና ፀሐይ ውኃውን ይስቡታል፤ የባሕሩ ወለል ደግሞ እዚያ ጋ ጥልቀት የሌለው ሜዳ ነው። ስለዚህ ውኃው ትንሽ ዝቅ ሲል ዳርቻው አንዳንዴ ከአንድ ኪሎ ሜትር በላይ ወደኋላ ይሄዳል። በኢንስታግራም የምናያቸው ፎቶዎች በሙሉ ማለት ይቻላል ባሕሩ ሲሞላ የተነሱ ናቸው። ስለሌላው ግማሽ ቀን ማንም አይነግራችሁም። እኔ ግን ከዛንዚባር ይዤ የተመለስኩትን ነገር በአብዛኛው ያገኘሁት በዚያ ባሕሩ በሌለበት ግማሽ ቀን ነው።

እንዴት ሄድን? በዕቁብ ነው። ከጓደኛዬ ጋር አንድ ዓመት ሙሉ የጣልነው ዕቁብ በተከታታይ ወር ለሁለታችንም ወጣ። «ስልክ እንቀይር ወይስ ባሕር እንይ?» ተባባልን። ስልኬ እንደምታዩት ያው የድሮው ነው።

ልንሄድ ሦስት ቀን ሲቀረን አጎቴ ከአርባ ምንጭ ደወለ። ከከተማው ወጣ ብሎ ጫሞን ቁልቁል የሚያይ ቦታ አለው። ማንጎ፣ ሙዝ፣ አጥሩ ዙሪያ ደግሞ ሽፈራው ተክሎበታል። የልጅነቴን ክረምት በሙሉ ያሳለፍኩት እዚያ ነው። በቅርቡ አንድ ባለሀብት ሎጅ ልሥራ ብሎ የእሱንና የጎረቤቶቹን ይዞታ ጠይቋል። «አንቺ ልጅ» አለኝ፣ «ባሕሩንማ ታይዋለሽ። እዚያ ያሉት ሰዎች ቦታቸውን ለሆቴል ለቀው ከዚያ ወዲህ እንዴት እንደሆኑ ጠይቀሽ ነይልኝ።» «እሺ ጋሼ» አልኩት። እውነቱን ለመናገር በሰዓቱ የማስበው ስለ ዋና ልብስ ነበር።

ከቦሌ ዛንዚባር የሦስት ሰዓት ገደማ በረራ ነው። ቪዛ በኦንላይን ይጠየቃል። የቢጫ ወባ ክትባት ካርዳችሁን እንዳትረሱ፣ ከኢትዮጵያ ለሚሄድ ሰው ይጠየቃል። ከጥቅምት 2024 ጀምሮ ደግሞ ማንኛውም የውጭ ጎብኚ 44 ዶላር የጉዞ መድን መክፈል ግዴታው ሆኗል (ዓመቶቹን በሙሉ እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር እጽፋለሁ፣ ካልሆነ ታሪኩ ይምታታል)። ስስ የፕላስቲክ ከረጢት ይዞ መግባት ክልክል ነው። ጓደኛዬ ጫማዋን የጠቀለለችበትን ፌስታል ያስታወሰችው አውሮፕላኑ ሊያርፍ ሲል ነው።

አንድ ሐበሻን የሚያስደስት ነገር ልንገራችሁ። ስዋሂሊ ተናጋሪዎች ሰዓት የሚቆጥሩት እንደኛ ነው! ሾፌራችንን የእንግዳ ማረፊያው ሰው «ሳ ምቢሊ» ብሎ ሲቀጥረው ለኛ ደግሞ በእንግሊዝኛ «ኤይት» አለን። ምቢሊ ሁለት ማለት ነው። ጠዋት ሁለት ሰዓት! ለፈረንጆቹ መተርጎም ያስፈልጋል፣ ለኛ አያስፈልግም። ሁለቱም ቋንቋዎች የሚጋሯቸው ቃላትም ጥቂት አይደሉም። ሻይ ቻይ ነው፣ ስኳር ሱካሪ፣ ሳሙና ሳቡኒ፣ ቅርንፉድ ደግሞ ካራፉ።

ቅርንፉድን የጠቀስኩት ያለምክንያት አይደለም። የዛንዚባር ነገር ከሱ ይጀምራል።

ዛንዚባር አንድ ደሴት አይደለችም። ኡንጉጃና ፔምባ የሚባሉ ሁለት ትልልቅ ደሴቶች፣ ከነሱ ጋር ብዙ ትናንሽ ደሴቶች ናት። ጎብኚው የሚሄድባት «ዛንዚባር» ኡንጉጃ ነች። በ19ኛው ክፍለ ዘመን የኦማኑ ሱልጣን ሰይድ ሳይድ መቀመጫቸውን ከሙስካት ወደዚህ አዛውረው፣ ደሴቶቹን በቅርንፉድ ዛፍ አስሞሏቸው። ዛፉን የሚተክለውና የሚለቅመው ከአህጉሩ ውስጥ እየተነዳ የመጣ ባሪያ ነበር። ስቶን ታውን የሚባለው አሮጌው ከተማ፣ ፎቶ የምንነሳባቸው በነሐስ ጉብጉብ ያጌጡ የእንጨት በሮች፣ ሰገነቶቹ፣ ሁሉም የዚያ ገንዘብ ውጤት ናቸው። ዩኔስኮ በ2000 በዓለም ቅርስነት መዝግቦታል።

የባሪያ ገበያው የተዘጋው በ1873 ነው። በቦታው ላይ የአንግሊካን ካቴድራል ተሠርቷል። ግቢው ውስጥ ጉድጓድ ውስጥ የቆሙ፣ አንገታቸው በሰንሰለት የታሰረ የድንጋይ ሰዎች አሉ። እዚያ ስንደርስ ጓደኛዬ ስልኳን ወደ ቦርሳዋ መለሰች። አስጎብኚው ከየት እንደመጣን ጠይቆን «ኢትዮጵያ» ስንለው፣ «ከናንተም የመጡ ነበሩ» አለን ረጋ ብሎ። እውነቱን ነው። የሱልጣን ሳይድ ልጅ የነበረችው ልዕልት ሳልሜ ጀርመን አገር ሄዳ በ1886 ባሳተመችው የሕይወት ታሪኳ በአባቷ ቤተ መንግሥት ስለነበሩ የሐበሻ ሴቶች ጽፋለች። ከየትኛው መንደር ተወስደው፣ በየትኛው ወደብ አልፈው እንደደረሱ እያሰብኩ ግድግዳ ተደግፌ ቆየሁ። እኛ በሦስት ሰዓት ነው የደረስነው፣ ያውም ምሳ እየበላን።

ከግቢው ወጥተን ጠባቦቹ መንገዶች ውስጥ ጠፋን። መጥፋት እዚያ የጉብኝቱ አካል ነው፣ ጎግል ማፕም አይረዳም። የንግሥት ባንዱ ዘፋኝ ፍሬዲ ሜርኩሪ በ1946 የተወለደው እዚህ ከተማ ውስጥ ነው። የ2021 የኖቤል ሥነ ጽሑፍ ሽልማት አሸናፊው አብዱልራዛቅ ጉርናም የዛንዚባር ልጅ ነው፤ ግን ፎቶ ለመነሳት ሰልፍ ያለው ፍሬዲ ጋ ነው። በ1883 የተሠራውና «የድንቃድንቅ ቤት» የሚባለው የሱልጣን ባርጋሽ ሕንፃ ታኅሣሥ 2020 ገና ጥገና ላይ እያለ ከፊሉ ተደርምሷል። ማታ ማታ ፎሮዳኒ መናፈሻ ላይ የሚበላውን ብቻ ልንገራችሁ። ዛንዚባር ፒዛ የሚሉት ስስ ሊጥ ውስጥ ሥጋና እንቁላል ተጠቅልሎ ብረት ምጣድ ላይ የሚጠበስ ነገር ነው፤ ከፒዛ ጋር ዝምድናው በስም ብቻ ነው። ኡሮጆ የሚሉትን ኮምጠጥ ያለ ሾርባ ግን አትለፉት።

አሁን ወደ ቅርንፉዱ ልመለስ። ዛንዚባር ለረጅም ጊዜ የዓለም ቀዳሚ ቅርንፉድ ላኪ ነበረች። ዋናዋ ገዢ ኢንዶኔዥያ ነበረች፣ ቅርንፉድ ያለበት ሲጋራ ስለሚያጨሱ። ከዚያ ኢንዶኔዥያውያን ራሳቸው በብዛት ተከሉ። በ1980ዎቹ ዋጋው ወደቀ። በአንድ ሰብል ላይ የቆመ ኢኮኖሚ ምን እንደሚሆን ለቡና አገር ሰው መንገር አያስፈልግም። መንግሥት ያኔ ነው ፊቱን ወደ ባሕር ዳርቻው ያዞረው። በአሥርቱ ዓመት አጋማሽ የኢንቨስትመንት ሕግ ወጣ፣ በሩ ለውጭ ባለሀብት ተከፈተ። በሩን ካስከፈቱት መሪዎች አንዱ አሊ ሐሰን ምዊኒ ነበሩ። የዛሬው የዛንዚባር ፕሬዚዳንት ሁሴን ምዊኒ የሳቸው ልጅ ናቸው፤ እሳቸው ደግሞ «ሰማያዊ ኢኮኖሚ» በሚል መርሕ ትናንሾቹን ደሴቶች ሳይቀር ለባለሀብት በሊዝ እየሰጡ ነው።

ያኔ በዓመት የሚመጣው ጎብኚ ከጥቂት አሥር ሺዎች አይበልጥም ነበር። በ2019 ከ530 ሺህ በላይ ደረሰ። በኮቪድ ዓመት ግማሹ ቀረ። በ2024 ከ730 ሺህ አለፈ። የደሴቶቹ ነዋሪ በ2022 ቆጠራ 1.9 ሚሊዮን ገደማ ነው። ቁጥሮቹን ጎን ለጎን አድርጋችሁ እዩዋቸው፤ ያ ሁሉ እንግዳ ሻወር ይወስዳል፣ ኤሲ ይከፍታል፣ በረዶ ይጠይቃል። መብራቱ የሚመጣው ከዋናው ታንዛኒያ በባሕር ሥር በተዘረጋ ኬብል ነው። አንድ ጊዜ ያ ኬብል ተበላሽቶ ከታኅሣሥ 2009 እስከ መጋቢት 2010 ደሴቲቱ ለሦስት ወር ጨለማ ውስጥ ነበረች። ትልልቆቹ ሆቴሎች ጄኔሬተር አበሩ፣ ሠፈሩ ሻማ።

የት ማረፍ ይሻላል ለምትሉኝ፦ መዋኘት ከሆነ ሐሳባችሁ ወደ ሰሜን፣ ኑንግዊና ኬንድዋ ሂዱ። እዚያ ባሕሩ ሲሸሽም ብዙ አይርቅም። ጭፈራውም ግርግሩም እዚያ ነው። ነፋስ ፈልጋችሁ በገመድ እየተጎተቱ በሰሌዳ ባሕር ላይ የሚበሩትን ማየት ከፈለጋችሁ ፓጄ። ፀጥታ ከሆነ ጃምቢያኒ። ጆዛኒ ጫካ ውስጥ በዓለም ላይ እዚህ ብቻ የሚገኙ ቀይ ጉሬዛዎች አሉ፣ ሰው አይፈሩም። ቻንጉ ደሴት ላይ ከመቶ ዓመት በፊት ከሲሸልስ የመጡ ግዙፍ ኤሊዎችን ታያላችሁ፤ ደሴቱ ለእስር ቤት ታስቦ የተሠራበት፣ በኋላ ግን የወረርሽኝ ማቆያ የሆነ ነው። የቅመም እርሻ ጉብኝቱ ደግሞ ወጥ ቤታችን ውስጥ ደርቆ የምናውቀውን እርድ፣ ሄል፣ ቁንዶ በርበሬ በሕይወቱ ያሳያችኋል። ለእናቴ ቅጠሉን ሳሳያት አላመነችኝም።

ዶልፊን ለማየት በጀልባ መሄዱን ግን እኔ አልመክርም። ሄደናል። ሁለት ዶልፊኖች ብቅ ሲሉ አሥራ ሁለት ጀልባ ተሯሯጠባቸው። ሞተሩ ይጮኻል፣ ሰው ዘሎ ይገባል፣ እነሱ ይጠልቃሉ፣ ጀልባው ይከተላል። ቪዲዮው አለኝ፣ አልለጠፍኩትም። ሌላ ደግሞ፦ ሕዝቡ ሙስሊም ነው። ከዳርቻው ወጥታችሁ መንደር ስትገቡ ትከሻና ጉልበት ይሸፈናል። ዳርቻው ላይ «እኔ ልውሰድሽ፣ እኔ ልሽጥልሽ» እያሉ የሚከተሉ ወጣቶች አሉ። የአገሬው ሰው «ፓፓሲ» ይላቸዋል፣ መዥገር ማለት ነው። ስሙ ይከብዳል። አብዛኞቹ የኛ እኩያ ናቸው፣ ከዋናው ምድር ሥራ ፍለጋ የመጡም አሉባቸው፤ በትሕትና «አይ አመሰግናለሁ» ማለት ይበቃል።

እናላችሁ ያ ባሕሩ የጠፋበት ጠዋት ጃምቢያኒ ነበር። ጫማችንን አውልቀን እርጥቡ ሜዳ ላይ ወጣን። ራቅ ብሎ ቀለማም ልብስ የለበሱ ሴቶች ጎንበስ ብለው ይታያሉ። ስንቀርብ መስመር በመስመር የተተከሉ አጫጭር እንጨቶች፣ በመካከላቸው የተወጠረ ገመድ፣ ገመዱ ላይ የታሰረ አረም መሰል ነገር አየን። የባሕር ሣር ነው። በምሥራቁ ዳርቻ በንግድ መመረት የጀመረው በ1989 ነው። ደርቆ ወደ ውጭ ይላካል፤ ከውስጡ የሚወጣው ማወፈሪያ የጥርስ ሳሙና ውስጥ፣ አይስክሬም ውስጥ፣ የፊት ክሬም ውስጥ ይገባል። ዛሬ ጠዋት ጥርሳችሁን ስትቦርሹ አግኝታችሁት ይሆናል። ሥራው በአብዛኛው የሴቶች ነው፤ ለብዙዎቹም በእጃቸው የገባ የመጀመሪያው የራሳቸው ገንዘብ እሱ ነበር።

የእንግዳ ማረፊያችን ባለቤት አብሮን ስለነበር አስተረጎመን። በዕድሜ ገፋ ያሉትን እናት «ሺካሞ» አልኳቸው፤ ታላቅ ሰው ሰላም የሚባለው እንደዚያ ነው። ቀና ብለው «ማራሃባ» አሉኝና ሳቁ። እጃቸው ውኃው አንጨብርሮታል። ከስድስት ሳምንት ገደማ በኋላ ይለቀማል፣ ፀሐይ ላይ ይሰጣል፣ ነጋዴ ይመጣል። አንድ ኪሎ ደረቁ የሚሸጥበት ዋጋ ሆቴሉ ባር ውስጥ አንድ ጠርሙስ ውኃ ከሚሸጥበት ያንሳል። ድሮ የተሻለ ዋጋ የሚያወጣ ሌላ ዓይነት ይተክሉ ነበር፤ ውኃው እየሞቀ ሲመጣ ያኛው መሞት ጀመረ። አሁን እምቢ ብሎ የቀረው ርካሹ ነው። ልጃቸው ከባሕር ሣር ሳሙና ከሚሠሩ ሴቶች ጋር ትሠራለች፤ እሱ ይሻላል አሉኝ።

ያኔ ነው የጋሼ ጥያቄ ትዝ ያለኝ። ጠየቅኳቸው።

ወደ ዳርቻው ዞረው በእጃቸው አሳዩኝ። ነጭ ግድግዳ፣ ከግድግዳው በላይ የሣር ክዳን ያላቸው ጣሪያዎች። «ያ የወንድሜ ነበር» አሉ። ዛንዚባር ውስጥ ከ1964ቱ አብዮት በኋላ መሬት የመንግሥት ነው፤ በልማድ ግን ዛፉ የተካዩ ነው። ስለዚህ ወንድማቸው ቦታውን ሲለቅ የተቆጠረለት ኮኮናት ነበር። ስንት ዛፍ እንደነበር እሳቸው ዛሬም በቁጥር ያውቁታል፦ አርባ አንድ። በገንዘቡ ቤቱን ቆርቆሮ አለበሰ፣ ሞተር ሳይክል ገዛ፣ ልጅ ዳረ። ሞተር ሳይክሉ በአራተኛው ዓመት ተበላሸ። ከሁለት ወንዶች ልጆቹ አንዱ እዚያው ሆቴል ዘበኛ ነው። «ሌሎቹ ሠራተኞችስ?» አልኩ። እንግሊዝኛ የሚችሉ፣ የሆቴል ትምህርት ያላቸው ከዋናው ምድርና ከኬንያ ይመጣሉ አሉኝ። ምሬት አልነበረባቸውም። ጎንበስ ብለው ገመዳቸውን ማሰር ቀጠሉ፤ ባሕሩ ሊመለስ ነውና ጊዜ የላቸውም።

ማረፊያችን ያለበት ቦታስ? ባለቤቱን ጠየቅኩት። ለአባቱም ገዢ መጥቶላቸው ነበር። አባትየው እምቢ ያሉት አርቀው አስበው እንዳይመስላችሁ፤ ከገዢው ጋር የመጣው ደላላ ሰላምታ ሳይሰጣቸው በመግባቱ ተናደው ነው። በኋላ ልጅየው በትንሽ በትንሹ ሦስት ክፍል ሠራ። ዓሣውን ከጎረቤት ይገዛል፣ ዳቦውን እህቱ ትጋግራለች። ዝናቡ ወራት ሲመጣ ግን ክፍሎቹ ባዶ ናቸው፣ በ2020 ደግሞ ለወራት አንድም እንግዳ አልነበረውም። በዚያን ጊዜ ምን በላችሁ ስለው ወደ ባሕሩ አመለከተኝ። ግድግዳው ውስጥ ያሉት ትልልቆቹ ሪዞርቶች እንግዳቸው ሁሉንም ነገር አገሩ ሳለ ከፍሎ ነው የሚመጣው፤ በር ላይ የእጅ አምባር ያስሩለታል፣ ሳምንቱን ሙሉ ከግቢ ላይወጣ ይችላል። በሁለት ግድግዳዎች መካከል ለመንደሩ ሰው የቀረው ወደ ባሕር መውረጃ ሁለት ሰው ጎን ለጎን አያሳልፍም። ሴቶቹ የባሕር ሣራቸውን በጭንቅላታቸው ተሸክመው የሚወጡት በእሱ ነው።

ልንመለስ አንድ ቀን ሲቀረን ዓለት ላይ ብቻውን የቆመውን ታዋቂ ምግብ ቤት ለማየት ሄድን። ባሕሩ ሲሸሽ በእግር ይገባል፣ ሲሞላ በጀልባ ይወጣል። ሒሳቡን አይተን ሻይ ብቻ ጠጣን። ፎቶው ግን ቆንጆ ነው፣ ከዛንዚባር ከለጠፍኩት ሁሉ ብዙ ላይክ ያገኘው እሱ ነው።

አርባ ምንጭ የሄድኩት ከተመለስኩ በሦስተኛው ሳምንት ነው። ጋሼ ማንጎው ሥር በርጩማ አውጥቶ ተቀበለኝ። ፎቶዎቹን አሳየሁት። ስቶን ታውንን ቶሎ ቶሎ አሳለፈው። የባሕር ሣር የሚያስሩትን እናት ቪዲዮ ሁለቴ አየው። ነጩን ግድግዳ አስፍቶ አየው፣ ጣቱ ስክሪኑ ላይ እየተንሸራተተ አስቸገረው።

«አርባ አንድ አልሽኝ?»

«አርባ አንድ፣ ጋሼ።»

«ከልጆቹ አንዱ ዘበኛ ሆነ።»

«አዎ።»

«እምቢ ያለውስ ልጅ ሦስት ክፍል ሲሠራ ብር ከየት አመጣ?»

እሱን አልጠየቅኩም ነበር። ባለቤቱ በዋትስአፕ ቁጥሩን ሰጥቶኝ ስለነበር እዚያው ተቀምጠን ጻፍኩለት። ኔትወርኩ ቀስ እያለ ሄደ። ጋሼ እስከዚያው ተነስቶ በዛፎቹ መካከል እየተዘዋወረ ይቆጥር ጀመር፤ ቁጥሩን ድሮም ያውቀዋል፣ እንደገና ነው የቆጠረው። ማንጎው ብቻ ሠላሳ አራት ነው። ከባለሀብቱና ከቀበሌው ሰዎች ጋር ስብሰባው ሐሙስ ነው። «ቅሪና አብረን እንሂድ፣ አንቺ ጠይቂ፣ እኔ እሰማለሁ» አለኝ። ፈቃዴን እስከ ዓርብ አስረዝሜያለሁ።

መልሱ የመጣው ማታ ነው። ስድስት ዓመት፣ አንድ ክፍል በአንድ ክፍል፣ ከዕቁብ ነው ይላል። እነሱ ሌላ ስም አላቸው፣ ግን እንደገለጸልኝ ያው ዕቁብ ነው።